የጠፈጠፉ ውሃ የማን ነው?

ቢቸናን ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ቁልቁል ለሚያያት ሰው ቀድሞ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው ቆርቆሮ ነው። አዲሱ ያብረቀርቃል፣ አሮጌው ዝጎ ቀልቷል። በመካከሉ የባሕር ዛፍ ጫፍና የአብያተ ክርስቲያናቱ አጸድ ብቅ ብቅ ይላሉ። ሞጣም እንዲሁ ናት። የሣር ክዳን ቤት ከሁለቱም ከተሞች እየጠፋ ነው፤ ሲቆጭለት የሰማሁት ሰው የለም፣ መቆጨትም አይገባም። የሣር ክዳን ያፈሳል፣ እሳት ይፈራል፣ በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል። ሣሩስ ቢሆን ግጦሹ ታርሶ ካለቀ ወዲህ ከየት ይመጣል? ቆርቆሮ የመታን ጎረቤት «እንኳን ደስ ያለህ» የምንለው የድሮውን ችግር ስለምናውቀው ነው።

ነገር ግን ክዳኑን ስንቀይር የዝናቡንም መንገድ አብረን ቀይረናል። ሣር ውሃውን ያዝ አድርጎ ቀስ እያለ ያንጠባጥበዋል። ቆርቆሮ የተቀበለውን ሁሉ ወዲያው ይለቀዋል። የሚለቀው ደግሞ በባለቤቱ ግቢ ውስጥ ብቻ አይደለም።

በክረምት ቢቸና ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ዝናቡ ጋብ እንዳለ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ዶማ ይዘው፣ በቤታቸው ግድግዳና በአጥሩ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ቦይ ይቆፍራሉ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጎረቤት ጓሮውን በሙሉ የሚከራዩ ክፍሎች ሠርቶበታል። የክፍሎቹ ክዳን ወደ እርሳቸው ያዘነበለ ነው፣ አሸንዳም የለው። ጠፈጠፉ በቀጥታ እግድግዳቸው ሥር ይወርዳል። ምርጊቱ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ረግፎ ማገሩ ገጥጧል፤ ጭቃው ውስጥ የነበረው ጭድ በውሃው ታጥቦ ደጃፉ ላይ ተከምሯል።

«እማማ፣ ለምን አይነግሩትም?» አልኳቸው።

«ነግሬው ነበር ልጄ። አሸንዳው ተወዶበት ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። ደግሞስ ሌሊት ቢያመኝ የማንን በር ላንኳኳ ነው?» አሉና ወደ ቁፋሯቸው ተመለሱ።

ይህ መልስ አሳስቦኛል። እኚህ እናት ጉርብትናቸውን ላለማጣት ግድግዳቸውን እያጡ ነው። ሌላው ሰው እንደ እርሳቸው ታጋሽ ላይሆን ይችላል። በጠፈጠፍ የተጀመረ ንግግር በሽማግሌ ያልቃል፤ ያ ሳይሆን ሲቀር ፍርድ ቤት ይደርሳል፤ ከዚያም ሲብስ ሁለት ቤተሰብ ለቅሶ ሳይደራረስ ይቀራል። በየሰፈራችን እንዲህ ያለ ታሪክ የማያውቅ አለ?

ውሃው ትንሽ የሚመስለው ካለ እስኪ እናስላው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 60 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣሪያ ላይ በአንድ ምሽት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,800 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 90 ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ቤት፣ በአንድ ምሽት። አፈራችን ደግሞ ዋልካ ነው። ዋልካ ለጤፉ በረከት ቢሆንም ለቤት መሠረት ፈተና ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በየዓመቱ እንዲህ ሲተነፍስ ግድግዳው አብሮ ይሰነጠቃል። ድንጋይ የተነጠፈበትም መንገድ ቢሆን ውሃውን ዝቅ ወዳለው ሰፈር ከማቀበል በቀር አይውጠውም። ዝቅ ባለው ሰፈር የሚኖረው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

እንግዲህ አሁን አሁን ስለ አረንጓዴ ከተማ ሲነሣ «አረንጓዴ ጣሪያ» የሚባለው ነገር አብሮ ይነሣል። በጣሪያ ላይ ውሃ የማያሳልፍ ልባስ ይነጠፋል፣ የተክል ሥር እንዳይበሳው ይከለላል፣ ከዚያ ጠጠር፣ በላዩም ቀላል አፈር ይደረግና ተክል ይተከላል። ጀርመኖች ሥራውን በዘመናዊ መልኩ ካስፋፉት ቆይተዋል። የካናዳዋ ቶሮንቶ በ2009 እ.ኤ.አ. ትልልቅ አዳዲስ ሕንፃዎች የጣሪያቸውን ከፊል በተክል እንዲሸፍኑ የሚያስገድድ ደንብ አወጣች። ኮፐንሃገንም ብዙ ሳትቆይ ተከተለች። ጥቅሙ የተፈተነ ነው። ቀጭን የሚባለው ዓይነት እንኳ በዓመት ከሚወርድበት ዝናብ ግማሽ ያህሉን ይዞ ያስቀራል፤ ከሥሩ ያለውን ክፍል ከቀን ሐሩርና ከሌሊት ብርድ ይከላከላል፤ ድምፅም ያፍናል።

ድምፅ ያፍናል የሚለው ለእኛ ተራ ነገር አይደለም። ሞጣ ውስጥ ኮርኒስ በሌለው አንድ የመማሪያ ክፍል ዝናብ ሲጀምር አይቻለሁ። መምህሩ መጀመሪያ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ቀጥሎ ጮኸ፣ በመጨረሻ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቆመ። ከፊት ያሉት ልጆች ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ወደ ደብተራቸው ገለበጡ፣ የኋለኞቹ ማውራት ጀመሩ። ዝናቡ እስኪያባራ ክፍለ ጊዜው አለቀ። በክረምት መግቢያና መውጫ ይህ ስንቴ ይደጋገማል? ለፈተና የሚቀመጠው ልጅ እኮ ትልቅ ከተማ ካለው ልጅ እኩል ነው የሚጠየቀው።

ታዲያ አረንጓዴ ጣሪያ ይሁንልን ብለን እንነሣ? ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳንሆን ቆም ብለን ማሰብ ያለብን እዚህ ላይ ነው። ቀጭኑ አረንጓዴ ጣሪያ ዝናብ ሲጠጣ በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ግራም ያህል ሊመዝን ይችላል። ያ 60 ካሬ ሜትር ቤት ላይ 60 ኩንታል ነው። በባሕር ዛፍ ማገርና በጭቃ የቆመ ቤት ይህን አይሸከምም። ሊሸከም የሚችለው በአርማታ ሶሌታ የተሠራው፣ ያውም መሐንዲሱ ከመነሻው አስቦ የሠራው ሕንፃ ነው። እንዲህ ያለው ደግሞ በቢቸናም በሞጣም በዋናው መንገድ ዳር የሚታየው ፎቅ ነው እንጂ የድሃው ቤት አይደለም።

የዝናቡም ጠባይ ይለያል። በኮፐንሃገን ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል። የእኛ ዝናብ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠራቅሞ ይወርድና ከኅዳር ጀምሮ ሰማዩ ይዘጋል። በነሐሴ አፈሩ ጠግቦ ስለሚቆይ ትርፉን ውሃ መልሶ ይለቀዋል፤ በየካቲት ደግሞ ተክሉ ውሃ ይጠማል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው በሚውሉበት ወር፣ ፎቅ ላይ ያለ አበባ ሲጠጣ ማየት ምን ስሜት ይፈጥራል? በውጭው ዓለምም ቢሆን አንድ ሰፈር አረንጓዴ ሲለብስ ኪራይ እየጨመረ ነባሩን ነዋሪ ሲገፋው የታዘቡ ብዙ ናቸው። አንድን አረንጓዴ ነገር «ለኅብረተሰቡ ጠቀመ» ለማለት ማን እንደሚገባበት፣ ማን እንደሚያጠጣው፣ ማን ከሥሩ እንደሚያርፍ መጠየቅ አለበት።

ሁሉም የሚገባበትን አረንጓዴ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» መጽሐፋቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ተመራማሪ ናቸው፤ ለዓመታት ያጠኑትም የአብያተ ክርስቲያናትን ደን ነው። በዙሪያው ያለው ሁሉ ታርሶ አጸዱ ብቻ ለምን ቀረ? አንዱ ምክንያት ክብሩ ነው። ሌላው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ባለቤቱ ሁሉም ስለሆነ ነው። ሀብታሙም ችጋር ያጠቃውም ከሥሩ ይቀመጣል፣ ሽማግሌ ከጥላው ያስታርቃል፣ የአብነት ተማሪው ቀለሙን ያጠናል። ቢቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስን ያየ ሰው የምለውን ይረዳኛል። ሊገባበት የማይችለውን አረንጓዴ ሰው አይጠብቀውም።

ጓሯችንም እንዲሁ ነበር። ጌሾው፣ ጎመኑ፣ ጤና አዳሙ፣ በርበሬና ብቅል የሚሰጣበት ደረቅ ቦታ፣ ጎረቤት ቡና የሚጠራራበት ጥላ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። የጠፈጠፉን ውሃ የሚጠጣውም ያው አፈር ነበር። ዛሬ ጓሮው ተከራይ ክፍል ሆኗል። ኑሮ ነውና በባለቤቱ አልፈርድም፤ ልጅ የሚያስተምረው በዚያ ኪራይ ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ክፍል በተጨመረ ቁጥር የሚውጠው መሬት ይቀንሳል፣ የሚያፈሰው ክዳን ይጨምራል። ማንም ይህን ቁጭ ብሎ የሚደምረው የለም።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። በቢቸናና በሞጣ አረንጓዴ ጣሪያ መጀመር ያለበት፣ ይጀመር ከተባለ፣ አዲስ በሚሠሩ የሕዝብ ሕንፃዎች ላይ ነው። ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና አዳራሽ ከዲዛይኑ ጀምሮ ቢታሰብባቸው ከሥራቸው ያለው ሰው ሁሉ ይጠቀማል፤ ማጠጫውም ከዚያው ጣሪያ በክረምት ከተጠራቀመ ውሃ ይሁን። ለቀረነው ለብዙኃኑ ግን ቀላሉና ርካሹ ነገር ይቀድማል። አሸንዳ፣ ከአሸንዳው ሥር በርሜል ወይም ሮቶ፣ ትርፉን የሚቀበል ቦይ፣ ከቦዩም አጠገብ ሥር የሚሰድ ተክል። ውሃው መንገድ ካገኘ የጭቃ ቤታችንም አይናቅም። አዲስ አበባ መካኒሳ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው ዞማ ቤተ መዘክር ጭቃና ጭድ፣ በአትክልት ተከብቦ፣ ምን ያህል የሚከበር ሕንፃ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። የጭቃ ቤት የሚጎዳው ጭቃ በመሆኑ ሳይሆን ውሃ ከሥሩ ስለሚተኛ ነው።

ችግኝን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተነግሮ ነበር። በየከተማው የተተከለው ስንቱ ጸደቀ የሚለው ጥያቄ ግን እንደ ተከላው ቀን ሲጮህለት አልሰማንም። ጣሪያ ላይ ለምንተክለውም ሆነ በር ላይ ለምንተክለው፣ ተንከባካቢው በስም ካልታወቀ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ለሁለቱ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች የማቀርበው ልመና አንድ ነው። የግንባታ ፈቃድ ስትሰጡ፣ የአንድ ክፍል ጭማሪም ቢሆን፣ «የጣሪያው ውሃ ወዴት ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱም በፕላኑ ላይ ይሠመር። አሸንዳ መግዛት ለሚያቅተው ሰው የሰፈሩ እድር ወይም ቁጠባ ማኅበር የሚያበድርበትን መንገድ አመቻቹ። እኛ ነዋሪዎችም ሰኔ ሳይገባ ከጎረቤታችን ጋር አጥሩ ሥር አብረን ቆመን የክዳናችንን ዝንባሌ እንይ።