የከተማ ቡድን ሲጠፋ ምን አብሮ ይጠፋል?

ሰበታ ከተማ በፕሪሚየር ሊጉ ስንት ዓመት ተጫወተ ብዬ ብጠይቅ ከማስተምራቸው ልጆች ብዙዎቹ አይመልሱልኝም። አርሰናል አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ የወሰደበትን ዓመት ግን ከነተሰላፊዎቹ ይዘረዝሩልኛል። ያኔ እኮ አልተወለዱም! በልጆቹ አልፈርድም። የአርሰናልን ታሪክ የጻፈ፣ ፎቶውን ያስቀመጠ፣ ማልያውን መስታወት ውስጥ የሰቀለ ሰው አለ። የእኛን ማን አስቀመጠልን?

እስኪ እኔ ልሞክረው። ትንሽ ይረዝማል፤ የቸኮለ ሴቭ አድርጎ ማታ ያንብበው።

ከሰበታ ከተማ በፊት ሜታ ነበር። ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በስሙ የእግር ኳስ ቡድን ነበረው፤ በሚሌኒየሙ አካባቢ በነበሩት ዓመታት በፕሪሚየር ሊጉ ይጫወት ነበር። የፋብሪካ ቡድን በአገራችን የተለመደ ነገር ነው። ሙገር ሲሚንቶ፣ ሐረር ቢራ፣ መተሐራ ስኳር እያልን ያደግን ሰዎች እናውቀዋለን። ፋብሪካው ደሞዝ ይከፍላል፣ ትጥቅ ይገዛል፣ አውቶብስ ይመድባል። ደስ ይላል። ችግሩ ቡድኑ የፋብሪካው ወጪ ተደርጎ መመዝገቡ ነው። ባለቤት ወይም ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር መጀመሪያ የሚታየው ወጪ ነዋ!

የሜታ ፋብሪካ በ2004 ዓ.ም. ለዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ ቢጂአይ ገዛው። ልብ በሉ፣ ፋብሪካው ሁለት ጊዜ ሲሸጥ የቢራው ስም ጠርሙሱ ላይ ቀረ። ቡድኑ ግን ዛሬ በሊጉ የለም። ስም ዋጋ እንዳለው ገዢዎቹ አውቀዋል ማለት ነው፤ የቢራው ስም ብቻ።

ቀጥሎ የከተማ አስተዳደሩ ቡድን ተራ መጣ። ሰበታ ከተማ በ2011 ከከፍተኛ ሊግ አድጎ 2012ን በፕሪሚየር ሊጉ ጀመረ። ያ ዓመት በኮሮና ምክንያት ሻምፒዮን ሳይኖረው ተሰረዘ። የሚገርመው ነገር ግን እዚህ ጋ ነው። የሰበታ አሰልጣኝ የነበሩት ውበቱ አባተ ብሔራዊ ቡድኑን ያዙ፤ ዋልያዎቹንም ካሜሩን ላይ ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አበቁ። ከብሔራዊ ቡድኑ የወጡት አብርሃም መብራቱ ደግሞ ሰበታን ያዙ። አንዱ ከሰበታ ወደ ዋልያ፣ ሌላው ከዋልያ ወደ ሰበታ! ይሄንን በከተማችን ውስጥ ተጽፎ ያየሁበት ግድግዳ የለም።

በ2013 ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች ሆነ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ለቴሌቪዥን ስርጭት ጥሩ ነበር፣ አልክድም። ለሰበታ ልጅ ግን የከተማው ቡድን ዲኤስቲቪ ያለበት ቤት ሻይ አዝዞ የሚያየው ነገር ሆነ። ልክ እንደ አርሰናል! በ2014 መጨረሻ ቡድኑ ከጅማ አባ ጅፋርና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ወረደ። ሦስት የውድድር ዓመት፣ አንዱም የተሰረዘ። ልጆቹ ባያስታውሱት ምን ይገርማል?

ጎረቤቶቻችንም ያው ናቸው። ቡራዩ ከተማና ሱሉልታ ከተማ በከፍተኛ ሊግ ተጫውተዋል። ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በዚያው ዓመት ወረደ። በ2015 ደግሞ እነዚህ ከተሞች ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሆኑ፤ አሁን በሸገር ከተማ ስም የሚጫወት ቡድን አለ።

እዚህ ጋ እንዳታጣሉኝ። ሸገር ከተማን አልጠላም፤ ሲያሸንፍም ደስ ይለኛል። “ገንዘብ የሌላቸው አምስት ቡድኖች ከሚኖሩ አንድ ጠንካራ ይሻላል” የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። በሒሳብ ልክ ናቸው። የተጫዋች ደሞዝ፣ የሆቴልና የትራንስፖርት ወጪ ለአንድ ትንሽ ማዘጋጃ ቤት ከባድ ነው። ነገር ግን ከሰበታ ሱሉልታ ለመሄድ አዲስ አበባን ማቋረጥ አለብህ። ቡራዩ ሌላ በር ነው፣ ለገጣፎ ሌላ በር። በአስተዳደር አንድ ሆነናል፤ ኳስ ያየንበት ሜዳ ግን አንድ ሆኖ አያውቅም። የደጋፊ ትዝታ በአንድ ደብዳቤ አይዋሐድም።

ጎንደርን ተመልከቱ። ሁለት ቡድን ነበራት፤ የቢራ ፋብሪካው ዳሸንና የከተማው ፋሲል። ዳሸን በ2008 ወረደና ፈረሰ። በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ አደገ፤ በ2013 የሊጉን ዋንጫ አነሣ። አንዱ የኩባንያ ነበር፣ ሌላው የሕዝብ። የወላይታ ድቻ ደጋፊዎች “የጦና ንቦች” ሲባሉ ስሙ ከንጉሣቸው ከጦና የመጣ ነው፤ ያ ቡድን በ2010 ዛማሌክን የሚያህል ክለብ ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አሰናብቷል። ቅዱስ ጊዮርጊስም በደርግ ጊዜ ስሙ ተወስዶ በቢራ ፋብሪካ ስም ተጠርቷል። ደጋፊው ግን ስሙን ልቡ ውስጥ አቆየው፤ ጊዜው ሲያልፍ ስሙም ተመለሰ።

አንዱ ወዳጄ ንግድ ባንክን ያነሣብኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ የወንዶቹ ቡድን በ2009 ወርዶ ፈረሰ፣ እንደገና ተቋቁሞም በ2016 ሻምፒዮን ሆነ። ግን እሱ ባንክ ነው። ባንክ ሲፈልግ ያፈርሳል፣ ሲፈልግ ይመልሳል። የሰበታ ሕዝብ ያፈረሰውን የሚመልስበት ካዝና የለውም።

ውጭም ይሄ ይደርሳል። እንግሊዝ ውስጥ ዊምብልደን እ.ኤ.አ. በ1988 ሊቨርፑልን አሸንፎ የኤፍኤ ዋንጫ የወሰደ ክለብ ነው። በ2002 ባለቤቶቹ ወደ ሌላ ከተማ እንዲወስዱት ተፈቀደላቸው። ደጋፊዎቹ አልቅሰው ዝም አላሉም፤ የራሳቸውን ቡድን አቋቁመው ከታችኛው ሊግ ጀመሩ፣ በ2011 ወደ አራቱ ፕሮፌሽናል ሊጎች ተመለሱ። ከመዋጮ በላይ ያቆማቸው “ይሄ የእኛ ነው” የሚለው ነገር ነው።

ለምን ይሄን ያህል አስጨነቀህ ትሉኝ ይሆናል። ሰበታ የፋብሪካ ከተማ ነው። ከየአቅጣጫው እንጀራ ፍለጋ የመጣ ሰው እዚሁ ከነበረው ጋር ተዋልዷል። አንዱ ቤት ኦሮምኛ፣ አንዱ ቤት አማርኛ፣ አንዱ ቤት ጉራጌኛ ይነገራል። ልጆቻችን “ከየት ነህ?” ሲባሉ ብዙ ጊዜ መልሱ የአባት አገር ነው። ማንም የማንንም ዘር ሳይጠይቅ “የእኛ” የሚላቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ የከተማ ቡድን አንዱ ነው። እሱ ሲጠፋ ቦታውን የሚይዘው ሁልጊዜ ጥሩ ነገር አይደለም። ስታዲየሞቻችን በ2010ና በ2011 ያሳዩንን አልረሳንም።

እንግዲህ ሐሳቤ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ የሸገር ከተማ አስተዳደር የሰበታን፣ የቡራዩን፣ የሱሉልታን፣ የለገጣፎን ስምና ቀለም በታዳጊዎች ውድድር ያቆየው። ከ17 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በየከተማቸው ስም ተጫውተው፣ ጎበዞቹ ሸገርን ይመግቡ። ዋናው ቡድን አንድ ይሁን፣ ሥሩ ግን ይብዛ።

ሁለተኛ፣ አባልነት ይኑር። በዓመት መቶ ብር የከፈለ ሰው ጉባኤ ላይ እጁን የማውጣት መብት ያግኝ። ሁሉን ነገር ከበጀት የሚጠብቅ ቡድን በጀት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ሦስተኛው የእኛ የራሳችን ሥራ ነው፣ ማንንም አይጠብቅም። በዚህ ሴሚስተር ለ11ኛ ክፍል ልጆቼ የቤት ሥራ ሰጥቻለሁ። እያንዳንዳቸው ሜታን ወይም ሰበታ ከተማን ያየ አንድ ትልቅ ሰው ጠይቀው ሁለት ገጽ ይጽፋሉ። ወረቀቱ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ሙዚየም አይባልም፣ ግን አንድ መደርደሪያ ይሆናል።

ስለዚህ አባቶች፣ እናቶች፣ የቀድሞ ተጫዋቾች፣ ልጆቹ በር ሲያንኳኩ “ሂዱ አጥኑ” ብላችሁ አትመልሷቸው፤ እያጠኑ ነው። ሳጥን ሥር የቀረ ማልያ፣ የቡድን ፎቶ፣ የተጫዋች መታወቂያ ያላችሁ ደግሞ ፎቶ አንሡና ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። ከተቻለ በየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ እነማን ቆመው እነማን እንደተንበረከኩ ጻፉበት። ያለ ስም የተቀመጠ ፎቶ ከትንሽ ዓመት በኋላ ማንንም አያስታውስም።