አንባቢውን የት ጣልነው?

«አንባቢ ጠፋ» የሚለው ሙሾ ሰልችቶኛል። ደራሲው ያለቅሳል፤ አሳታሚው ያለቅሳል፤ እኛ የመጻሕፍት ወዳጆችም ተቀብለን እናስተጋባለን። ለመሆኑ ይህን አንባቢ መቼ ፈጠርነውና ነው የጠፋብን?

በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በሦስተኛ ክፍል ደግሞ 20 በመቶው። እነዚህ ልጆች በመዝገብ ላይ ተማሪዎች ነበሩ፤ ተቆጥረው ሪፖርት አድምቀዋል። የተባበሩት መንግሥታት በ1948 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ፣ አንቀጽ 26 ላይ ትምህርትን የሰው ልጅ ሁሉ መብት አድርጓል። ማንበብ ሳይችል ከክፍል ወደ ክፍል የተዛወረ ልጅ ግን ወንበር እንጂ መብት አላገኘም።

«ልጅ በቁጥር አይለካም» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። የጥንቱ የኔታ ይህን ቢሰሙ ይስቁ ነበር። ልጁ «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ስለወረደላቸው ብቻ ፊደል ለየ አይሉም፤ አቡጊዳን ያመጡበታል። የፊደሉ ሰልፍ ሲፈርስ ዜማ አያድንም። «ጊ»ን ከ«ጋ» ያልለየ እዚያው ይታወቃል፤ እዚያው ይታረማል። መረጃን ለማስተማር መጠቀም ማለት ይኸው ነው።

የዛሬው ቁጥር ግን ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ክልል ይወጣና በዚያው ይቀራል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የደረሰ መረጃ ለእነዚያ ልጆች መርዶ ነው፤ ማን ያርማቸዋል?

እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ የታችኛ ክፍል መምህር እያንዳንዱን ልጅ በየወሩ ለብቻው ያስነብብ፤ የትኛውን ፊደል እንደሳተ፣ ስለ ታሪኩ ሲጠየቅ ምን እንደመለሰ ይመዝግብ፤ የማግሥቱንም ትምህርት ከዚያ ይጀምር። ይህን የሚያደርግበት ጊዜ፣ በእጁ የሚያዳርሰው የተማሪ ቁጥርና ልጆቹ የሚያነቡት መጽሐፍም ይሰጠው። ይህ የመንግሥት ዕዳ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ሆይ፣ ይህን ዕዳ አብረኸኝ ካልጠየቅህ ስለ አንባቢ መጥፋት ማልቀሱን ተወው።