ቀጭኔ የሚያውቅ፣ ባጃጅ የማያውቅ ካሜራ

ስልካችሁ ፎቶ ሲያነሳ ፊታችሁ ላይ ራሱ አራት ማዕዘን ይስላል አይደል? ተሽከርካሪ የሚለየው የትራፊክ ካሜራም የዚያው ቴክኖሎጂ ዘመድ ነው። እኔ የምኖረው ሀዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። መንገዳችን ላይ እንዲህ ያለ ካሜራ ይተከል ቢባል አልቃወምም። ግን ምን ተምሮ እንደሚመጣ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ካሜራ በራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ሰው ቁጭ ብሎ «ይህ መኪና፣ ይህ እግረኛ» እያለ ምልክት ያደረገባቸውን ብዙ ሺህ ፎቶዎች አይቶ ነው የሚማረው። ለዚህ በዓለም ላይ በጣም ከሚታወቁት የፎቶ ስብስቦች አንዱ ማይክሮሶፍት በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ኮኮ» ነው። 80 ዓይነት ነገሮች ተለይተውበታል። ዝርዝሩን አየሁት፤ ቀጭኔ አለ፣ የሜዳ አህያ አለ፣ ዝሆንም አለ። የኛዋ አህያ የለችም። ባጃጅም የለም!

ሀዋሳን ያለ ባጃጅ አስቡት እስቲ። በዚያ ስብስብ ብቻ የተማረ ካሜራ ያንኑ ባጃጅ አንዴ መኪና፣ አንዴ ሞተር ሳይክል ሊለው ይችላል። ሪፖርት ላይ ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። ቅጣት ላይ ሲሆን ግን ከሹፌሩ የዕለት ገቢ ነው የሚቆረጠው። ሰሌዳውን ደግሞ ጨምሩበት፦ የግዕዝ ፊደል አለው፣ በክብ ውስጥ ኮድ አለው፣ ክረምት ላይ ጭቃ ይለብሳል። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ቅጣቱ ሌላ ሰው ቤት ነው የሚገባው።

ህንዶች ይህ ቀድሞ ገብቷቸዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ከሃይደራባድና ከባንጋሎር ጎዳናዎች 10 ሺህ ያህል ፎቶ ሰብስበው ባለሦስት እግሩን ለብቻው ስም ሰጡት። እኛስ? ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው፣ ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆች አሉት፣ ባጃጁም ደጃፋቸው ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከባልደረቦቿ ጋር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ ከ200 የአሜሪካ ከተሞች የተነሱ 50 ሚሊዮን የጎዳና ፎቶዎች ላይ ያሉ መኪኖችን ብቻ በኮምፒውተር በመለየት የሰፈሩን ሰው ገቢና የምርጫ ዝንባሌ መገመት እንደሚቻል አሳይታለች። የመኪና ፎቶ የመኪና ፎቶ ብቻ ሆኖ አይቀርም ማለት ነው። አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ ፎቶው ስንት ቀን ይቀመጣል፣ ማን ያየዋል የሚለው ካሜራው ከመሰቀሉ በፊት ይነገረን።

ቅጣቱ በስልክ ሲመጣም ፎቶው አብሮ ይምጣ። «ይህቺ የኔ ባጃጅ አይደለችም» ለሚል ሹፌር ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው የትራፊክ ፖሊስ ይመደብለት።