መታወቂያ በቀበሌ፣ መጅሊስ በመስጂድ!



ከሾላ እስከ ኮተቤ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ካራ የምንኖር የየካ ሙስሊሞች በር ሰሞኑን እየተንኳኳ ነው። እሁድ መስከረም 27 ቀን 2005 በቀበሌ ለሚደረገው የመጅሊስ ምርጫ ካርድ ውሰዱ እየተባልን ነው። ነዋሪው በሰፈሩ ጉዳይ ይሳተፍ ይሉናል። መሳተፍ ከተባለማ፣ መጅሊሱ በሕዝብ ይመረጥ ብለን ከጥር 2004 ጀምሮ በአወሊያ፣ ከዚያም በአንዋር ድምፃችንን ያሰማነው እኛው ነን። ያልነው ግን በመስጂዳችን እንምረጥ ነው። ጥያቄያችንን ይዘው የሄዱት ኮሚቴዎቻችን በሐምሌ ታሰሩ፤ ጥያቄው ደግሞ ተገልብጦ በቀበሌ በኩል ተመለሰልን።

«ቦታው ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ቀበሌ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ በየሰፈሩ የተተከለ መዋቅር ነው። በደርግ ዘመን ምን እንደተሠራበት አባቶቻችሁን ጠይቁ። ዛሬ ወረዳ ቢባልም መታወቂያ የሚያድሰው፣ የቀበሌ ቤት ኪራይ የሚቀበለው፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው እሱ ነው። ስኳርና ዘይት የምንሰለፍበት የሸማቾች ሱቅም ከእሱ ሩቅ አይደለም። ይህን ሁሉ በእጁ የያዘ አካል «በነፃነት ምረጡ» ሲል ነፃነቱ የቱ ላይ ነው?

የአንዲት ተማሪዬ እናት መድረሳ ድረስ መጥተው «ኡስታዝ፣ ካርዱን አልወስድም ብል ቤቴን ይነኩብኝ ይሆን?» አሉኝ። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ነው። እኚህን እናት ፈሪ ለማለት አፌ አይከፈትም። ሴት ልጅ ስለ ሃይማኖት መሪዋ ስታስብ የቤቷ ጣሪያ ትዝ ካላት፣ የምርጫው ነገር እዚያው አልቋል። በነገራችን ላይ፣ ጨንቋቸው ካርድ የወሰዱ ጎረቤቶቻችንን ሰላምታ የምትነፍጉ ወጣቶች ተዉ! ጥያቄያችን ከእነሱ ጋር አይደለም።

መስጂድ የአምልኮ ቦታ ነው፣ ምርጫ አይደረግበትም የሚሉም አሉ። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሰበካ ጉባኤያቸውን የሚመርጡት በደብራቸው ነው እንጂ በቀበሌ አዳራሽ አይደለም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በነሐሴ አርፈዋል፤ ተተኪያቸው በወረዳ ጽሕፈት ቤት ይመረጡ ያለ ሰው ሰምታችኋል? እኛም አንልም፤ ነውር ነው። ለእነሱ ነውር የሆነው ለእኛ እንዴት «አሠራር» ተባለ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። አንቀጽ 27 ምእመናን የሃይማኖት ትምህርትና አስተዳደር ተቋም ማቋቋም እንደሚችሉ ይደነግጋል። ታዲያ የምእመናን ተቋም ምርጫ ቀበሌ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ? ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ጎዳና የወጡት አባቶቻችን መብታቸውን የጠየቁት፣ የልጆቻቸው መጅሊስ በካድሬ እንዲቆጠር አልነበረም።

ስለዚህ እሁድ አንሄድም። ከማንም ጋር አንጋጭም፣ ድንጋይ አናነሳም፣ በራችንን ለሚያንኳኳ ሰው ክፉ አንናገርም፤ «ምርጫችን በመስጂዳችን ነው» ብለን በትህትና እንሸኛለን።

ለመሳተፍ ለሚፈልግ ግን ሥራ ሞልቷል። እያንዳንዱ የሰፈር መስጂድ ጀመዓውን በየቤተሰቡ መመዝገብ ይጀምር። እህቶች በራሳቸው መስገጃ በኩል የሴቶቹን መዝገብ ይያዙ፤ ማን የት ሰፈር እንዳለች ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የእድር ጸሐፊ የሆናችሁ ወንድሞች መዝገብ አያያዙን ታውቁበታላችሁና ቀድማችሁ ኑ። ከእንጦጦ ሥርና ከኮተቤ ጫፍ ላሉ፣ መስጂድ ለራቃቸው ቤተሰቦች ደግሞ ወጣቶች በእግር ይድረሱላቸው። ደብተርና እስክሪብቶ የጠፋ እንደሆነ ወደ ቅርብ መድረሳ ጎራ በሉ፤ መስመር አስምረው የሚሰጧችሁ ልጆች አሉን።