ሲከፈል በካርቶን፣ ሲጠፋ በኪሎ

«ማዘር፣ ሒሳቡ ተስተካክሏል።»

ባለፈው ሳምንት ለጎረቤቴ ከዕቃ ላኪዎች ቢሮ የተደወለላት ስልክ የጀመረው በዚህ ነበር። እኔ እታለም ነው የምላት። መሶብ ትሰፋለች። ስንደዶና አክርማ ከገበያ ገዝታ፣ አለላውን ራሷ ነክራ፣ ወስፌዋን ይዛ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች። የሠራችውን የእህቷ ልጅ ፎቶ እያነሳች በቴሌግራም ትለጥፍላታለች። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት እናት ፎቶውን አይታ ለልጇ መልስ የሚሆን ትልቅ መሶብ ከነክዳኑ አዘዘቻት። እታለም ሦስት ወር ሰፋችው።

ሲያልቅ የማጓጓዣውን ዋጋ በስልክ ጠየቀች። «ስንት ኪሎ ነው?» አሏት። ሱቅ ወስዳ አስመዝናው ስለነበር «አራት» አለች። የአራት ኪሎ ዋጋ ነገሯት። እሷም ያንኑ ለደንበኛዋ ነገረች፤ ደንበኛዋም ሳትከራከር ገንዘቡን ላከች። መሶቡ ካርቶን ውስጥ ገባ፤ ላኪዎቹም ተረከቡት። ስልኩ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። አራቱ ኪሎ ሠላሳ ሆኗል። ልዩነቱ ካልተከፈለ አይጫንም። ይመለስልኝ ካለች ደግሞ የማሸጊያና የማቆያ ትከፍላለች። መልሱ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ፣ ዋጋ ከሚደብቅ ሰው ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቃላችሁ። ማክሰኞ አብሬያት ሄድኩ።

ቢሮው ግድግዳ ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተሰቅሏል። የዋጋ ዝርዝር ፈለግኩ፤ አጣሁ። ያስተናገደን ልጅ ግን ትሑት ነበር። ካርቶኑን አውርዶ ሜትሩን ዘረጋ። ወርዱ 50፣ ጎኑ 50፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር። በስልኩ አባዛው፤ 150,000 መጣ። ለ5,000 አካፈለው፤ 30 ሆነ። «ይኸው ጋሼ፣ ሠላሳ ኪሎ» አለኝ። እታለም ሜትሩን እንጂ ልጁን አላየችም። ሜትር እኮ እሷም ቤት አለ፤ የመሶቡን አፍ ከክዳኑ ጋር የምታስተያየው በሱ ነው።

በስሌቱ አልጣላም። አውሮፕላን ገና ሳይከብደው ቦታው ሊያልቅበት ይችላል። ባዶ ሆዱን የተቀመጠ መሶብ የሌላ ዕቃ ቦታ ስለሚይዝ በያዘው ቦታ ልክ ቢያስከፍሉት ሐቅ አለው። ግን በአየር ጭነት ሥራ ለ6,000 የሚያካፍሉም አሉ። ለ6,000 ቢካፈል የእታለም መሶብ 25 ኪሎ ይሆናል። አምስት ኪሎ የጨመረባት ያ አካፋይ ቁጥር ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አልነገራትም።

«መጀመሪያ ስትደውል ወርዱንና ቁመቱን ለምን አልጠየቃችኋትም?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ኪሎውን ነው የነገሩን።»

የነገረቻቸው የጠየቋትን ነው። እሷ የስፌት ባለሙያ ናት፤ ጭነት የዕለት ሥራቸው የሆነው እነሱ ናቸው። ጥያቄውን ማወቅ ያለበት በየቀኑ ካርቶን የሚለካው ነው እንጂ በዓመት ሦስት ጊዜ የምትልከው አይደለችም።

ልጁ የዶላሩንም ነገር አነሳ። እውነት ነው፣ የአውሮፕላን ጭነት በዶላር የሚታሰብ ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ዋጋ ቆሞ አያውቅም። ዶላር ግን አራት ኪሎን ሠላሳ አያደርግም።

ደረሰኙን ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩ። በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ያገኘሁት እዚያ ነው፤ ዕቃው ቢጠፋ ካሳው የሚታሰበው ሚዛን ላይ በወጣው ኪሎ ነው ይላል። ዓለም አቀፉ የሞንትሪያል ስምምነትም የአየር ጭነት ካሳን ጣሪያ የሚያስቀምጠው በኪሎ ነው። እንግዲህ ይህ መሶብ ሲጫን ሠላሳ ኪሎ ነው፣ ቢጠፋ አራት። ሲከፈል በካርቶን፣ ሲጠፋ በኪሎ። ለእታለም ቀስ ብዬ ሳነብላት «አንዱን አይመርጡም እንዴ?» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ መከራከሪያ እስካሁን አላገኘሁም።

እኛ እዚያው ቆመን ሳለ አንድ ሰውዬ ሰባት ካርቶን አስወርዶ፣ ፈርሞ፣ አንድም ቃል ሳይለዋወጥ ወጣ። በውል የሚሠራ ደንበኛ መሆኑን ልጁ ነገረኝ፤ ዋጋው ለዓመት የተቆረጠ ነው። ብዙ የሚልክ ቅናሽ ቢያገኝ አልቃወምም። የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። እሱ ዋጋውን ያወቀው ካርቶኑን ከማሸጉ በፊት ነው፤ እሷ ከታሸገ በኋላ። ቅናሹ ለትልቁ ይሁን፤ አስቀድሞ ማወቅ ግን ለሁሉም ነው።

በዚህ አገር ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፖስታ ሲያቋቁሙ አብሮ የመጣው ቴምብር ዋጋውን ፊቱ ላይ የያዘ ወረቀት ነው። መኳንንትም ይግዛው ድሃ ያው ነው፤ ከተለጠፈ በኋላ «ሒሳቡ ተስተካክሏል» የሚል የለም። የ2006ቱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ አዝዟል። የገበያ ሴቶቻችን እኮ አዋጅ ሳይጠብቁ ያደረጉት ነው። ጤፍ የምትሸጠው ሴት ጣሳውን የምትሞላው በገዢው ዓይን ፊት ነው፤ ሞልታም ምርቃት ትጨምርበታለች።

«ነፃ ገበያ ነው፣ ካልተስማማት ሌላ ጋ ትሂድ» የሚለኝ አይጠፋም። ዕቃዋ እጃቸው ገብቶ፣ ማስመለሻውም በዋጋ ሆኖ፣ ወዴት ነው የምትሄደው?

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ገና ስልክ ስትደውል ከኪሎው ጋር ወርድ፣ ጎንና ቁመቱን ጠይቋት። የነገራችኋትን ዋጋ በጽሑፍ ስጧት፤ ለስንት ቀን እንደሚጸናም ጻፉበት። ካርቶኑን እሷ ባለችበት ለኩ። ከዚያ በኋላ ዋጋው ከተለወጠ ያለ ክፍያ መልሱላት። የቀረጡንም ነገር አትደብቁ። አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ዕቃ ትሰጠው የነበረውን ከቀረጥ ነፃ መብት ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አቋርጣለች። እታለም ይህን የሰማችው ማክሰኞ ዕለት ከእኔ ነው። ደንበኛዋ በር ላይ ሌላ ሒሳብ ሲጠብቃት የምትታማው እታለም ናት።

እንዲህ ካልኩ ለእኛ ለሻጮቹ ወገንም ሳልናገር አላልፍም። ፎቶ ለጥፎ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ሁሉ ልጁ እታለም ላይ ያደረገውን በገዢው ላይ እያደረገ ነው። የሰውን አነጋገርና የስልክ ቁጥሩን አገር አይቶ ዋጋ መቁረጥ ንግድ አይደለም። ከላኪው ግልጽነት የምንጠይቅ ከሆነ እኛም ዋጋችንን ከፎቶው ሥር እንጻፍ።

እታለም ልዩነቱን ከፈለች። ለደንበኛዋ ደውላ ማስረዳት ትችል ነበር፤ እኔም ወትውቻት ነበር። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብላኝ የዕቁብ ገንዘቧን አወጣች። መሶቡ ተጫነ። ከሦስት ወር ስፌት ለእጇ የተረፋት የለም።

ሐሙስ ማታ ቤቷ ሄጄ ለሚቀጥለው ትእዛዝ ሒሳቡን አብረን በወረቀት ጻፍን። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ስንደዶና አክርማ፣ ቀለም፣ ካርቶን፤ ሁሉንም እስከ ሳንቲሙ ታውቀዋለች። ማጓጓዣውን ራሷ በሜትር ለክታ፣ አባዝታ፣ ለ5,000 አካፍላ ነገረችኝ። ከዚያ «የእጅ» ብዬ ጻፍኩና ጠበቅኳት።

«እሱን ተወው» አለችኝ። «መጀመሪያ ሴትዮዋ ስለ ማጓጓዣው የምትለውን ልስማ።»

ያኔ ነው የገባኝ። አየር መንገዱ ዋጋ አለው፣ ካርቶን ሻጩ ዋጋ አለው፣ ቀራጩም አለው። በድንገት የመጣ ጭማሪ ሁሉ የሚቀነሰው ዋጋ ካልተጻፈለት ቦታ ነው፤ እሱም የሰፊዋ እጅ ነው። ላኪዎች አስቀድመው እንዲነግሯት የምጨቃጨቀው ለዚህ ነው። ማጓጓዣው ቀድሞ ከታወቀ ለእጇም የሚቆረጥ ዋጋ ይኖራል።

ወረቀቱ እታለም ቤት ነው። ያ መስመር እስካሁን ባዶ ነው፤ ሳይሞላ ካርቶኑ እንዳይታሸግ ቃል አስገብቻታለሁ።