የመነሻ ድምፅ የትርጉም ምስክር ይሆናልን?

በሥነ ልሳን ትምህርት አስቀድመን ከምንቀበላቸው መርሖዎች አንዱ፣ በቃል ድምፅና በትርጉሙ መካከል ተፈጥሯዊ ትስስር የለም የሚለው ነው። ፈርዲናንድ ደ ሶሱር ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1916 የታተመው የትምህርቱ መድብል ይህንን ዘፈቀዳዊነት የቋንቋ ምልክት ቀዳሚ ጠባይ አድርጎ አቅርቦታል። መርሑ በአመዛኙ ትክክል ነው። እንደ ቀኖና ሲያዝ ግን ማስረጃን ይጋርዳል፤ ፈጽሞ ሲዘነጋ ደግሞ የድምፅ መመሳሰልን ሁሉ ዝምድና ያሰኛል። ከሁለቱም ስሕተት የሚያድነን በጥንቃቄ መቁጠርና መፈተን ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግሊዝኛ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ«ግ» እና በ«ል» ድምፆች የሚጀምሩትን እንመልከት፦ ግሊተር ማብለጭለጭ፣ ግሎው እንደ ፍም መጋል፣ ግሊም ፈንጠቅ የሚል ብርሃን፣ ግሌር ዓይን የሚወጋ ብርሃን ነው። በ«ስ» እና በ«ን» የሚጀምሩት ስኒዝ፣ ስኖርና ስኒፍ ደግሞ ማስነጠስን፣ ማንኮራፋትንና ማሽተትን ስለሚያመለክቱ ሁሉም ወደ አፍንጫ ያደርሳሉ። ጆን ዋሊስ እ.ኤ.አ. በ1653 በላቲን ባሳተመው የእንግሊዝኛ ሰዋስው ይህን መሰል የቃላት ስብስቦችን ልብ ብሎ ነበር፤ ጄ. አር. ፈርዝም እ.ኤ.አ. በ1930 ክስተቱን «ፎነስቲም» ሲል ሰየመው።

ፎነስቲም ምዕላድ አይደለም። ከ«ግሊም» የመነሻ ድምፆቹ ቢነሡ የሚቀረው ክፍል ለብቻው ትርጉም የለውም። ሕግም አይደለም፤ ግሉ ማጣበቂያ፣ ግላቭ ጓንት፣ ግላንድ ዕጢ ነውና። ስኔክ የተባለው እባብም ከአፍንጫ ጋር ጉዳይ የለውም።

ታዲያ መመሳሰሉ ከየት መጣ? አንዱ መልስ የጋራ ትውልድ ነው፤ ከብርሃን ጋር የተያያዙት ብዙዎቹ ቃላት ማብራትን ወደሚያመለክት አንድ የጥንት የሕንድ አውሮፓ ሥር ይመለሳሉ። ይህ መልስ ግን ሁሉንም አይሸፍንም። ስኒዝ በጥንታዊው እንግሊዝኛ በ«ፍ» እና በ«ን» ይጀምር ነበር፤ ይህ የድምፅ ጥምረት ከቋንቋው ሲጠፋ ቃሉ ከነስኖር ጎራ ተቀላቀለ። ትውልዱ ሌላ የሆነ ቃል በማደጎ ወደ ቤተሰቡ ገባ እንደ ማለት ነው። ቤንጃሚን በርገን እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው ሙከራም ክስተቱ በተናጋሪው አእምሮ ውስጥ እንዳለ ያመለክታል፤ ግሊተርን አስቀድመው ያዩ ሰዎች ግሎውን ለመለየት የፈጠነ ምላሽ የሰጡ ሲሆን፣ ፍጥነቱ በድምፅ ብቻ ወይም በትርጉም ብቻ ከሚመሳሰሉ ጥንዶች ይበልጥ ነበር።

ነገሩ የእኛም ጉዳይ ነው። ቆረጠ፣ ቆረሰ፣ ቆረጠመ፣ ቀረጸና ቀረፈ በ«ቀ» እና በ«ረ» ተነባቢዎች ይጀምራሉ፤ ሁሉም አንድን ነገር ከአካሉ መለየትን ወይም መስበርን ይነካሉ። ይህን ያየ ተመራማሪ «ጥንታዊው ሥር ሁለት ተነባቢ ነበር» ብሎ ለመደምደም ይቸኩላል። ቀረበ፣ ቆረበና ቀረስ የት ይግቡ? የተስማሙትን ብቻ ሰብስቦ የቀሩትን መተው ምርምር ሳይሆን ለቅሞ ማስመስከር ነው። የመነሻ ድምፅ መመሳሰልን ብቻ ይዞ አንድን የባዕድ ቃል ከግእዝ ማዋለድም ከዚሁ ድክመት ይመነጫል።

ስለዚህ በዚህ ርእስ የሚቀርብ የድኅረ ምረቃ ጥናት ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ሊያሟላ ይገባል እላለሁ። አንደኛ፣ በተመረጡት ድምፆች የሚጀምሩትን የመዝገበ ቃላት ቃላት በሙሉ፣ ተቃራኒዎቹን ጨምሮ ይቁጠር። ሁለተኛ፣ በትውልድ የሚዛመዱትን ኋላ ከተቀላቀሉት ይለይ። ሦስተኛ፣ አዲስ የተፈጠሩ ቃላትን ለተናጋሪዎች አቅርቦ ግምታቸውን ይፈትን።

የእንግሊዝኛ መምህራንም ስብስቦቹን ለቃላት ማስታወሻነት ቢጠቀሙባቸው ተማሪውን ይረዳሉ፤ ይሁንና ግሎው በተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ግላቭም አብሮ ይጻፍ። የመነሻ ድምፅ ምስክር ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ምስክር ቃል ብቻ ግን ፍርድ አይሰጥም።