«ወደ ቂሳርያ» የለቅሶ ግጥም አይደለችም



መምህርታችን ሰሞኑን የሐና ሴኔሽን አጭር ግጥም አስተማረችን። ስሟ «ወደ ቂሳርያ የሚደረግ ጉዞ» ነው፤ በዘፈን ግን ሁሉም «ኤሊ፣ ኤሊ» ብሎ ነው የሚያውቃት። ስሜቷ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቅ ብዙ ሰው «ለቅሶ ነው» አለ። እኔ አይመስለኝም።

እስቲ አሠራሯን እንይ። ስድስት ስንኝ እንኳ አትሞላም። በሙሉዋ ያለው ግሥ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እንዳያልቅ ብሎ የሚለምነው ነው። ሌላው በባሕር ዳር የሚታይና የሚሰማ ነገር ስም ነው። ያምራል፣ ያሳዝናል የሚል ቃል የለባትም። መጨረሻ ላይ ብቻ የሰው ጸሎት ይመጣል። ቤት የምትመታው ደግሞ «ማይም»ን ከ«ሻማይም»፣ «ያም»ን ከ«አዳም» ጋር ነው። ቄሶቻችን በግዕዝ ውሃን «ማይ» ስለሚሉ፣ ይቺ ለሽማግሌዎቹ ከኛ ይልቅ ትቀላቸዋለች።

የኛ አገር አልቃሽ የሄደውን ነው የምትጠራው። ሐና የምትቆጥረው ግን ፊቷ ያለውን ነው። ያለው ነገር እንዳያልቅ መለመን ስጋት ያለበት ደስታ ነው እንጂ ለቅሶ አይባልም።

ታዲያ ለቅሶው ከየት መጣ? አንዱ ከዜማው ነው። እሷ «ኤሊ» ብላ የጻፈችው አንድ ጊዜ ነው። ዳዊድ ዘሃቪ በ1945 ዜማ ሲያወጣላት ሁለት ጊዜ አደረገው። ሁለቴ ሲጠራ መዝሙረ ዳዊት 22ን ያስታውሳል፤ ተውከኝ ብሎ የሚጮኽ ሰው ድምፅ ይሆናል። በዮም ሃሾአም ስለሚዘፈን እንባው አብሮ ይመጣል።

ሌላው ሞቷ ነው። በ1921 ቡዳፔስት ተወልዳ በ1939 ብቻዋን መጣች፣ እንደኛው ዖላ ሐዳሻ ማለት ነው። ግጥሟን የጻፈችው በ1942፣ ቂሳርያ አጠገብ ስዶት ያም ኪቡጽ ስትኖር ነው። በጃንጥላ ወርዳ፣ ሃንጋሪ ተይዛ የተገደለችው በ1944 ነው። ያኔ ያልደረሰውን ሞት በግጥሟ ላይ መጫን ተገቢ አይመስለኝም። እርግጥ ጦርነት ነበር፣ እናቷም ቡዳፔስት ቀርታ ነበር። እናቱን ጎንደር ትቶ የመጣ ሰው ይህን ስጋት ማንም አያስረዳውም። ስጋት ግን ሐዘን አይደለም፤ የሚሰጉለት ሰው ገና አለ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅ። ለመጪው ዮም ሃሾአ ስንዘምራት፣ ከዜማው በፊት አንድ ሰው ተነሥቶ እንደተጻፈችው፣ «ኤሊ»ን አንዴ ብሎ ያንብባት። እስከዚያ ክርያት ሐይም ባሕር ዳር የሚወርድ ሰው ወረቀቷን ይዞ ቢሄድ ጥሩ ነው።